አሳይመንት አርፍዶ ላመጣ ተማሪ ዜሮ ትሰጣላችሁ?

ጠመኔ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክልል ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአካውንቲንግና ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ሁለት ሴክሽን፣ በድምሩ 135 ተማሪ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ምክር ፈልጌ ነው።

ሴሚስተሩ ሲጀመር ኮርስ አውትላይኑ ላይ «ቀኑ ያለፈበት አሳይመንት አይታይም» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪ ሳለሁ የማከብራቸው መምህር እንደዚያ ነበሩ። አሳይመንቱ ከ100 ውስጥ 15 ይይዛል። ማስረከቢያው ዓርብ 12 ሰዓት ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ በእጅ የተጻፈ 9 ገጽ ይዛ ቢሮ መጣች። ሠንጠረዦቹ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው። «ቲቸር፣ ይሄን ላስረክብ ነበር» አለች። ቀኑ አልፏል አልኳት። «እሺ» ብላ ወጣች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ዜሮ ሰጠኋት።

ማክሰኞ ደግሞ ሦስት ልጆች መጡ። ከእነሱ በፊት ስልክ መጥቷል። አንድ የሥራ ባልደረባ «አንደኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ አሞት ነበር፤ ነገሩን በቀላሉ እንየው» አለኝ። ተቀበልኳቸው። የሦስቱም ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ሲደምር የሠራው ስህተት በሌሎቹ ሁለቱም ላይ አለ።

ከሳምንት በኋላ የክፍሉ ረፕ (የተማሪዎቹ ተወካይ) ነገረኝ። ያቺ ልጅ ሥራዋን ሐሙስ ልትጨርስ ምንም አልቀራትም ነበር። የምትጽፈው በተዋሰችው ላፕቶፕ ነው። ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ፤ ዶርማቸው እስከ ቅዳሜ ጨለማ ነበር። ዓርብ የላፕቶፑ ባለቤት ላፕቶፗን ወሰደች። ልጅቷ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ጀምራ በእጇ ሠራችው።

ግሬድ ገብቷል። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ዓይነት ደንብ ላውጣ? ላጥብቅ ወይስ ላላላ?

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡02

ወንድሜ አይዞህ፤ ሁላችንም ከዚያ ነው የጀመርነው። እኔ 17 ዓመት አስተምሬያለሁ። ምክሬ አጭር ነው። ቀንህን አትንካ።

ሰው ጥብቅ መምህር ሲባል ቁጡ ይመስለዋል። የቁጣ ጉዳይ አይደለም። አሳይመንቱን ሁሉም ሳያስረክብ መልሱን ክፍል ውስጥ መሥራት አትችልም። ከሠራኸው ያረፈደው ልጅ ከሰሌዳው ይገለብጣል። ካልሠራኸው 134 ልጅ የት ጋ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ቴስት ይቀመጣል። የአንዱ ማርፈድ ለሌላው ዕዳ ነው። ሬጅስትራርም ግሬድ አስገባ ሲልህ «መብራት ሄዶ ነበር» አይሰማህም።

አንድ ዓመት አዘንኩና «እስከ ሰኞ» አልኩ። ሰኞ ሲመጣ «እስከ ረቡዕ» አሉኝ። በመጨረሻ ፋይናል እያረምኩ የሴሚስተሩን መጀመሪያ አሳይመንት ስቀበል ራሴን አገኘሁት። የሐበሻ ቀጠሮን ልጆቹ ከየት የሚማሩት ይመስልሃል?

የደወለልህ ባልደረባ ነገር ግን ያሳፍራል።

---

ላይብረሪ_ጥግ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡40

ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ነኝ። መምህራን ብቻ እንዳታወሩት ብዬ ገባሁ።

ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ፣ ያሉት ነገር ያምራል። ግን «ሁሉም ካስረከበ በኋላ መልሱን እሠራለሁ» የሚሉ እንደ እርስዎ ያሉ መምህራን ስንት ናቸው? እኔ አራት ዓመት ስማር የታረመ አሳይመንት በእጄ የተመለሰልኝ ሁለት ጊዜ ነው። የቀረው ቴሌግራም ላይ ቁጥር ሆኖ ይለጠፋል። 9 ከ15። 6ቱ የት ሄደ? እግዜር ይወቅ። ወረቀቱን የማይመልስ መምህር ለምን በሰዓት እንደሚጣደፍ አይገባኝም።

ሌላው ደግሞ ቀኑ የሚነገረው መቼ ነው? ስድስት ኮርስ አለን። መምህራኑ ሁሉ አሳይመንት ትዝ የሚላቸው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ኮንቲኒየስ አሰስመንቱ (ከፋይናል በፊት የሚያዘው ነጥብ) መሙላት ስላለበት በአንድ ሳምንት አምስት ሥራ ይመጣል። «ለዓርብ!» ይባላል። በጥቂት ሳምንት ተጨምቆ የሚሰጥ ብሎክ ኮርስ ከሆነማ ተወው፤ ገና የኮርሱን ስም ሳትለምደው ያልቃል። ከዚያ ግቢ በር ላይ ያለውን ፕሪንት ቤት ሰልፍ ተመልከቱ። ፍላሻችሁን ስትሰኩ ቫይረሱ ፋይሉን ይበላዋል። ስቴፕለር ፍለጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡55

ወረቀት ስለመመለሱ የተናገርከውን እቀበላለሁ። እውነት ነው። ሁለተኛውንም በከፊል። ግን አስተውል፤ ያንተ ችግር የቀኑ ጥብቅነት ሳይሆን ቀኑ ዘግይቶ መነገሩ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ አትለክክ።

---

የሌሊት_ፈረቃ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ከሜሪላንድ ነው። ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ቀን ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። እዚህ የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ይጠቅማል።

አገር ቤት «ፈረንጅ በሰዓት ቀልድ አያውቅም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አንዱ ፕሮፌሰሬ ለእያንዳንዱ ያለፈ ቀን 10 በመቶ ይቀንሳል። ሌላዋ ጋ ሲስተሙ ራሱ 11፡59 ላይ ጥርቅም ይላል። የምትለምነው ሰው የለም፤ ኮምፒውተር ምን ብለህ ትለምናለህ?

የፕሮግራሚንግ ኮርሱ ግን ለየት ይላል። ሴሚስተሩ ሲጀመር ለእያንዳንዳችን 5 የመዘግየት ቀን ተሰጠን። ለአንድ ሥራ ከ2 በላይ መጠቀም አይቻልም። ለምን ዘገየህ የሚል ጥያቄ የለም። የሐኪም ወረቀት የለም፣ የለቅሶ ማስረጃ የለም። እንደ ሞባይል ካርድ ነው፤ ሲያልቅ አለቀ። ይሄ አሠራር እዚህ በኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች የተለመደ ነው። ከ5ቱ ሦስቱን የተጠቀምኩት እናቴ አገር ቤት ታማ ሌሊቱን ስልክ ላይ ሳድር ነው። ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በሠላሳ ምናምን ዓመቴ የ26 ዓመት አስተማሪ ረዳት ፊት ቆሜ ስለ እናቴ ሕመም መተረክ አልፈልግም።

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ጥሩ ነው፤ ግን የ135 ተማሪ የተረፈ ቀን ማን ይቆጥራል? እኛ ጋ አስተማሪ ረዳት የሚባል ነገር ብርቅ ነው።

---

የሌሊት_ፈረቃ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡41

ኤክሴል ላይ አንድ ኮለም መጨመር ነው ጋሼ። ማርክ ስትመዘግብ «0፣ 1፣ 2» ብለህ ትጽፋለህ። ስታትስቲክስ አስተማሪ ይሄ አያቅተውም።

---

አማካይ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

በዚህ ጉዳይ የታወቀ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዳን አሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ የሚወስዱ፣ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን ተጠቀሙ። ሦስት ጽሑፍ ያስረክባሉ። ለአንዱ ክፍል ቀኖቹ እኩል ተራርቀው በመምህሩ ተወሰኑ። ሌላው ክፍል የራሱን ቀን ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ። የተመረጠው ቀን ካለፈ በየቀኑ 1 በመቶ ይቀነሳል።

ብልጥ ሰው ምን ያደርጋል? ሦስቱንም የመጨረሻው ቀን ላይ ያደርጋቸዋል፤ ቀድሞ ማስረከብ ምንም ነጥብ አያስጨምርም። አብዛኛው ግን እንደዚያ አላደረገም። ራሱን ያውቀዋላ! ቀድሞ የሚመጣ ቀን መረጠ፤ ራሱን በራሱ አሰረ። ያም ሆኖ የተሻለ ውጤት ያመጣው ቀን የተወሰነለት ክፍል ነው። ከመራጮቹ ውስጥ ቀኖቹን እኩል ያራራቁት ግን ከእነዚያ ብዙም አላነሱም።

እኔ የተረዳሁት፣ ሰው የሚጎዳው ቀን ሲያጥረው ብቻ ሳይሆን ሥራው ሁሉ መጨረሻ ላይ ሲከመርበትም ነው። የላይብረሪ ጥግ አምስት አሳይመንት በአንድ ሳምንት ያለው ይሄው ነው።

---

ጥርጥር | ረቡዕ፣ ቀን 6፡50

አሪየሊ እኮ በጋራ የጻፈው ሌላ ጥናት ዳታው የተፈበረከ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። እሱ እኔ የለሁበትም ብሏል። ብቻ ስሙ ሲጠራ ጆሮዬ ይቆማል።

---

አማካይ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

ልክ ነው፤ መጥቀስ ነበረብኝ። ያኛው ስለ ሐቀኝነት የተሠራ ሌላ ጥናት ነው፤ የማስረከቢያ ቀኑ ጥናት አይደለም። ቢሆንም ይሄኛውም የጥቂት ክፍል ውጤት ነው። እንደ ወንጌል አትያዙት። ከዚያ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ላፕቶፕ ነበራቸው።

---

የአገዳ_ድልድይ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ይሄን ክር ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳነብና ሳልጽፍ ቆየሁ። ያቺ ባለ 9 ገጿ ልጅ እኔን ናት።

የመጣሁት ከገጠር ወረዳ ነው። ቤታችን ትልቅ ሰው ፊት ቀና ተብሎ አይታይም። ግቢ ስገባ መምህር ቢሮ ማንኳኳት ፍርድ ቤት የመቅረብ ያህል ነበር። አንድ ጊዜ ወባ ታምሜ አሳይመንት አለፈኝ። የክሊኒክ ወረቀት በእጄ ነበር። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ውስጥ ሰው እየሳቀ ነበር። «አሁን ብገባ ምን ይሉኛል» እያልኩ ቀኑ አለፈ። ወረቀቱ እስከ ምረቃዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ያ መምህር ክፉ አልነበረም። በየክፍለ ጊዜው «ችግር ያለበት ያናግረኝ» ይል ነበር። የሚያናግሩት ግን ችግር ያለባቸው አይደሉም። ማናገር የሚችሉት ናቸው። ቀልድ ጣል አድርገው ይጀምራሉ፤ «ቲቸር ሙች» ይላሉ፤ ሦስት ቀን አስጨምረው ይወጣሉ። እኔ ያንን ቋንቋ አልችልም ነበር።

ስለዚህ እዚህ «ጥብቅ ወይስ ልል» ስትባባሉ ግራ ይገባኛል። እኔ የገጠመኝ ሁለቱም አይደለም። ወረቀት ላይ ጥብቅ፣ ለለመነው ልል። ዝም ላለ ሰው ከዚህ የባሰ የለም። ሙሉ ለሙሉ ጥብቅ ቢሆን ቢያንስ ሁላችንም እኩል እናለቅሳለን።

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

እህቴ፣ ይሄን አንብቤ ትንሽ ቆየሁ። እኔም «ያናግረኝ» እያልኩ ነው 17 ዓመት የኖርኩት። ስንቱ በር ላይ ደርሶ እንደተመለሰ አላውቅም።

---

ማታ_ተማሪ | ረቡዕ፣ ማታ 5፡30

የኤክስቴንሽን ተማሪዎችንም አትርሱን። ባንክ ነው የምሠራው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው። ያን ሰሞን ከቅርንጫፍ የምወጣው ሌሊት ነው። መምህራችን ቀኑን ሰኔ 29 አደረጉት። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ የባንክና የፋይናንስ ሠራተኛ ነው! ጠየቅናቸው። «እኔም ሥራ አለኝ» አሉን። እኛ የጠየቅነው ማራዘም እንኳ አይደለም፤ በአንድ ሳምንት አስቀድሙልን ነው ያልነው።

---

ሰባራ_ኔት | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወራት ነው የቆየው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የክፍል ጓደኞቼ ቤተሰብ ጋ ሄደው ቀሩ። ጎግል ክላስሩም ላይ ስማቸው በቀይ «አላስረከበም» ይላል። ማሽኑ ምን ያውቃል። ኦንላይን ብቻ የምትቀበሉ መምህራን፣ በወረቀትም የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ሌላ አልልም።

---

ፈጣኑ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡00

ምን ትጨቃጨቃላችሁ፤ ቻትጂፒቲ በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ዴድላይን ድሮ ቀረ።

---

ላይብረሪ_ጥግ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡08

ፈጣኑ፣ ከዚያ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ላይ ማን ይቀመጥልሃል? እዚያ 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም። ያቺ ልጅ በእጇ የሠራችው 9 ገጽ እዚያ ያሳልፋታል። የኮፒዎቹን ሦስት ልጆች እንጃ።

ግን አንድ እውነት አለው። በአንድ ሳምንት አምስት ሥራ ስትሉን ተማሪው ወደዚያ ነው የሚሮጠው።

---

ጠመኔ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ፣ ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ። ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ፣ አልተቀየምኩም።

የአገዳ ድልድይ፣ ያንቺን አንብቤ አለቀስኩ። የጻፍሽው የእኔን ጥፋት ነው። ልጅቷን የበደልኳት ዜሮ ስለሰጠኋት ብቻ መስሎኝ ነበር። ማግስቱን ሦስቱን መቀበሌ ነው የባሰው። ጥብቅ መምህር አልነበርኩም ለካ።

እንዲህ አስቤአለሁ፤ ተቹኝ። ቀኖቹን ሁሉ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አሳውቃለሁ፤ ከሌሎቹ መምህራን ጋር በረፖቹ በኩል አስማምቼ። አንዱን ባለ 15 አሳይመንት ሦስት ባለ 5 አደርገዋለሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ በሴሚስተሩ 4 የመዘግየት ቀን፣ ለአንድ ሥራ ቢበዛ 2። ምክንያት አልጠይቅም። ማንም ቢደውል አልሰማም። በሦስተኛው ቀን መልሱን ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አይታይም። በእጅ የተጻፈም እቀበላለሁ።

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡52

ይቅርታ እህቴ፤ ከስምሽ ምንም አላወቅኩም።

መልሱን የምትሠሪበት ቀን የተቆረጠ ስለሆነ እኔ የምፈራው ነገር ተዘግቷል። ደስ ብሎኛል። አንድ ጎዶሎ አለው። በእውነት ታሞ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል የተኛ ልጅስ? በሠራሁባቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሌጅስሌሽኑ (የዩኒቨርሲቲው ደንብ) ያመለጠ ፋይናልን በሜክአፕ ስለመፈተንና ስለ ግሬድ ቅሬታ ይናገራል። የአሳይመንት ቀን ግን ለመምህሩ የተተወ ነው። ስለዚህ አንቺው ጻፊው። ደግሞ በአፍ አይሁን። አንድ ፎርም አዘጋጂና ረፑ ጋ ይቀመጥ። ልጁ ቢሮሽ ሳይመጣ ሞልቶ ይላክልሽ። በር ላይ ደርሶ የሚመለሰው ልጅ ያንን ይሞላል።

ይሄን እኔም ልጀምረው ነው። በዚህ ዕድሜዬ!

---

የሌሊት_ፈረቃ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡10

ጥያቄ ለጠመኔ። «ዓርብ 12 ሰዓት» ያልሽው የቱን 12 ሰዓት ነው? እኛ 12 ስንል ማታ ሲመሽ ነው። ስልኩ 12 ሲል እኩለ ሌሊት ነው። እኔ እዚህ ስመጣ በዚህ ብቻ አንድ ኩዊዝ አልፎኛል።

---

ጠመኔ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡25

ኧረ ተወኝ! ክላስሩም ላይ ያስገባሁት 11፡59 ነበር፤ የሌሊቱን። ቴሌግራም ላይ ረፑ «12 ሰዓት» ብሎ ለጠፈው። ግማሹ ክፍል 11 ተኩል ላይ እየሮጠ ቢሮዬ መጣ። ግማሹ ከራት በኋላ ተረጋግቶ ላከ። እኔ ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የላኩ አምስት ልጆችን «አረፈዳችሁ» ብዬ ዜሮ ሰጥቻቸዋለሁ። አሁን ገና ነው የገባኝ።

---

ላይብረሪ_ጥግ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡27

ቲቸር ሙች መልሽላቸው።

---

ጠመኔ | ከ5 ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ለጠየቃችሁኝ። የግሬድ ቼንጅ ፎርም ሞላሁ። ለአምስቱም፣ ለልጅቷም። ምክንያት በሚለው ቦታ «የመምህሯ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ መነጽሩን አውልቆ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እንደዚህ ተብሎ ተጽፎ አላውቅም» አለ። ፈረመ። የሦስቱን ወረቀት ነገርም ነገርኩት፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው፤ ከደወለልኝ ሰው ጋር ሰላምታ ቆሟል።

ልጅቷን በረፑ በኩል አስጠራኋት። ገና ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል፤ ሌላ ጥፋት ተገኝቶባት መስሏታል። ወረቀቷን አርሜው ስለነበር ሰጠኋት። 13 ከ15። የተሳሳተችበትን ቦታ አሳየኋት። ቆማ አነበበችው። «እሺ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ «ይሄ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ጋ በ n ነው ወይስ በ n ሲቀነስ 1 የምናካፍለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ግማሽ ሰዓት አወራን።

አዲሱን አውትላይን ዛሬ ጠዋት ለአዲሱ ክፍል አነበብኩላቸው። የመዘግየት ቀኑን ስነግራቸው ፀጥ አሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ያልተጠቀምንበትን ቀን ለጓደኛ ማስተላለፍ ይቻላል?»

---

ቀይ_እስክሪብቶ | ሰኞ፣ ማታ 2፡06

እኔ ጋ ደግሞ «ቲቸር፣ ቅዳሜና እሁድ ይቆጠራል?» ብለውኛል።